ከሞጣ ያመጣሁት ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰብለና ባሏ ዮናስ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ሲሰናዱ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ከተጋቡ ቆይተዋል። ልጅ ፈልገው እንደዘገየባቸው ሰብለ ራሷ ነግራኛለች፤ እኔ አልጠየቅኋትም። የማኅፀን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል፤ የመጀመሪያቸው ነው።

«እማማ፣ ቀሚስ ይሻለኛል ሱሪ?» አለችኝ ሁለቱንም በእጇ ይዛ ብቅ ብላ።

«ቀሚስ። ሰፋ ያለ ቀሚስ።»

ምስሩን የማፈስበት ሳህን ለማምጣት ወደ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመኪናው ቁልፍና ከሙዙ አጠገብ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አየሁ። ምን እንደሆነች ጠየቅሁ።

«የእኔ ናት እማማ» አለ ዮናስ ሙዝ እየላጠ። «ቀጠሮ ስንይዝ ወንዱም ይመረመራል ብለው የሰጡኝ ነው።»

ሰብለ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔ ሳህኔን ይዤ ወጣሁና ተቀመጥሁ። ምስሩን ለመልቀም ሞከርሁ፤ ግን ጠጠሩ ከምስሩ አልለይልሽ አለኝ።

የሞጣ ልጅ ነኝ። አባቴ ማርና ቅቤ ከገበሬ እየገዛ ደጀን ድረስ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር፤ እናቴ በልጅነቴ ሞታለች። በዚያ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ሴት ልጁን ደብረ ማርቆስ ድረስ ልኮ የሚያስተምር የሞጣ ነጋዴ ብዙ አልነበረም። አባቴ ግን ላከኝ። ዐሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ደግሞ ለቢቸና አስተማሪ ዳረኝ። ሁለቱንም ሲያደርግ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሁለቱንም አልተቃወምሁም።

ባሌ አስራደ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ቃል የማያባክን፣ ከጣቱ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሰው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ ስገባ ግን ሞተዋል። የምንኖረው በእናቱ ግቢ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ፤ እኔ እሜቴ እላቸው ነበር። አስራደ አንድ ልጃቸው ነው። ይህን ማንም ሰው ቢረሳ እሳቸው አይረሱም።

ያኔ ቢቸና የሴት ገመና የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ አትዘልቅም፤ ከቅጥሩ በር፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ያገባች ሴት ወራት ተከታትለው ሲያልፉ ከወይራው ሥር ከጠፋች፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና «ደረሰላት» ይላሉ። እኔ ከወይራው ሥር ጠፍቼ አላውቅም። ግንዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጉጥ አውቀው ነበር። እሜቴ ከቅዳሴ ሲወጡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ካዩኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ያልፋሉ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ቢናገሩኝ ይሻል ነበር ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ጓሮ ሆኜ ጎመን ስቀነጥስ እናትና ልጅ በመስኮቱ በኩል ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የጁቤ ከተማ አንድ ደኅና ሰው አሉ። ልጃቸው ደርሳለች። ጥር ሳይገባ ቁርጡን ንገረኝ። እኔ የልጅህን ዓይን ሳላይ አልሞትም።»

«ይታያል» አለ አስራደ።

በእሱ አፍ «ይታያል» ማለት እሺ ማለት ነው። የጎመኑን ቅጠል ከግንዱ እየለየሁ ቆየሁ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አላለቀስሁም። ጎመኑን አጥቤ ከተፍሁት፤ ምሳ ላይም ሁላችንም በላነው።

በዚያው ሰሞን ለራስ ምታት ክኒን ልጠይቅ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ሲስተር ለምለም የምትባል ከአስመራ የተመደበች ነርስ ነበረች። ክኒኑን ሰጠችኝና ሳልወጣ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። በከተማው ያልሰማ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

«ሞጣ አንዲት የሴቶች ሐኪም መጥታለች። ፈረንጅ ናት። የገና በዓል ሳይደርስ ትሄዳለች። ሂዱና ተመርመሩ።»

«እሺ።»

«ሂዱ ነው ያልሁት። ሁለታችሁ። ሰማሽኝ?»

ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረችኝ። የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበትን ቀን አስታውሺ። ደም ላይ ሆነሽ አትሂጂ። ገላሽን በሳሙናና በውሃ ብቻ ታጠቢ። ቁርስሽን ብዪ። ከመግባትሽ በፊት ሽንትሽን ሽኚ። ስትመረመሪ ትንፋሽሽን አትያዢ። ስትነግረኝ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በልቤ ደገምሁት።

ለአስራደ ስነግረው የፈተና ጥያቄ እያወጣ ነበር፤ ቀና አላለም። «አሁን ትምህርት ቤቱን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?» አለ። እሜቴ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ ወጡ።

«እሱ ምን ሊያደርግ? ወንድ ልጅ ማኅፀን አለው እንዴ! እኔ እወስዳታለሁ።»

አስራደ ፈገግ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያየሁት ፈገግታው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ መሰናዶው ከእኔ እጅ ወጣ። እሜቴ የሐኪምም እጅ የእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ጠግበው አይቀርቡትም አሉ። ለቁርባን እንደሚዘጋጅ ሰው ሱባኤ አስያዙኝ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ጾሙ አዲስ አልሆነብኝም፤ ግን አስራደም መደቡ ላይ እንዲተኛ ተደረገ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ሲሰብር ጠበል ወረድሁ። ነጭ ቀሚሴ በእንዶድ ታጠበ። ፀጉሬ ተፈቶ እንደገና ተሠራ።

የጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተኝተው ስለነበር እሳቸውም ሊያስተምሩኝ መጡ።

«ጫማሽን አውልቂ ሲሉሽ ወዲያው አውልቂ። ሌላውን ግን ሁለት ጊዜ ሳትባዪ እንዳታወልቂ፤ የለመደች ይሉሻል።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጅቱን አታስፈራሪያት» አሉ እሜቴ።

«ማስፈራራት አይደለም! እኔን ሆዴን አሞኝ ሄጄ ምላስሽን አውጪ ብሎኛል። ምላሴና ሆዴ ምን አገናኛቸው? ብቻ አወጣሁለት። እሱም አይቶ ዝም፣ እኔም አውጥቼ ዝም።»

እሜቴ ሳቁ። እኔም እንደ ወጉ ሳቅሁ።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ እሜቴ ውሃ አሙቀው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡና እግሬን ወደ ጭናቸው ሳቡት። አልገባኝም ነበርና እግሬን ልመልስ ስል ያዙት። «ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ተረከዝ ነው። ተረከዝሽ የተሰነጠቀ እንደሆነ አሳዳሪዎቿ በደሏት ይላል» አሉ። በሻካራ ድንጋይ ሁለቱንም ተረከዞቼን አሹልኝ፤ ቀስ ብለው፣ ለረጅም ጊዜ፣ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ለስላሳ መሆኑን እያረጋገጡ። ከሠርጌ ወዲህ ማንም እንዲህ አጥቦኝ አያውቅም። እኒህ ሴት ጥር ላይ ሌላ ሙሽራ ሊያስገቡ ያሰቡ ናቸው። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ላይ ማሰብ አልቻልሁም፤ ስለዚህ ውሃውን አየሁ።

ጠዋት በእህል ጫኝ መኪና ተሳፈርን። ጋቢናው ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ነበር። እሜቴ እኔን አስገብተው ራሳቸው ከጆንያው ላይ ሊወጡ ሲሉ ሾፌሩ ደነገጠ።

«እንዴ እናቴ! እርስዎ ይግቡ እንጂ፣ እሷ ወጣት ናት።»

«እሷ መንገጫገጭ የለባትም።»

«ነፍሰ ጡር ናት እንዴ?»

«አፍህን ይባርከው!» አሉና ወጡ።

ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ለእኔ ሲል ጉድጓድ እየሸሸ ነዳ። አልነገርሁትም።

ኅዳር ነበር። ጤፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀልቶ ተኝቷል፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ አጫጆች በመስመር ጎንበስ ብለው ይታያሉ። የታጨደ ጤፍ ሽታ ከናፍጣው ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ይገባል። ወንዙ ጋ የክረምቱ ጭቃ ገና ስላልደረቀ ወርደን በእግር ተሻገርን፤ እሜቴ የታሸ ተረከዜ ጭቃ እንዳይነካው በድንጋዩ ላይ እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲያርፍ ሰዎች ወዴት ናችሁ ይሉናል፤ እሜቴ «ለስለት» ይላሉ። ሞጣ ደርሰን አባቴ ቤት ስንገባም «ለስለት ነው» አሉ። አባቴ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ለመኝታ የሚሆን አጎዛ ሊያወጣ ገባ። በሶ በጥብጠን ጠጣንና ተኛን።

በማግስቱ እሜቴ ቁርስ አላስነኩኝም። ተራዬ ደርሶ የገባሁት በባዶ ሆዴ፣ በነጭ ቀሚሴና በለስላሳ ተረከዜ ነበር።

ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ሴትዮ ነበረች። የሚያስተረጉመው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ወንድ ስለሆነ በመሐላችን አንሶላ ተጋርዷል፤ ድምፁ ከአንሶላው ጀርባ ይመጣል። የእሱም ድምፅ ያፍር ነበር።

«የመጨረሻው… እ… መቼ ነበር? ይላሉ።»

ሲስተር ለምለም ቀኑን አስታውሺ ብላኝ ነበር። አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ወይራው ብቻ ነው።

«ጥቅምት መድኃኔዓለም ከደጅ ነበርሁ» አልሁ።

ድሬሰሩ በእንግሊዝኛ ቁጥር ነገራት። ማብራሪያ አልጠየቀኝም። እሱም እናት አለችው።

ምርመራው ብዙ አልቆየም፤ ወይም ቆይቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ምስማር ስቶ በበሳው ሁሉ ጭላንጭል ብርሃን ይገባል። እሱን ስመለከት ነበር። የሐኪሟ እጅ ይቀዘቅዛል። አመመኝ ወይም አላመመኝም ማለት አልችልም፤ የሌላ ሰው ገላ አጠገብ እንደ ተኛሁ ነበር የተሰማኝ። ተረከዜን አላየችውም።

ለብሼ ስቀመጥ ሐኪሟ ረጋ ብላ ተናገረች፤ ድሬሰሩም ተከተላት።

«ባንቺ በኩል እስካሁን ያየሁት ችግር የለም ይላሉ። ባለቤትሽስ የት አሉ?»

«ቢቸና። አስተማሪ ነው።»

ሐኪሟ ከመደርደሪያው ከመዳፍ የማትበልጥ፣ አፏ ሰፋ ያለ፣ የቡሽ ክዳን ያላት ንጹሕ ጠርሙስ አንሥታ ሰጠችኝ። ድሬሰሩ ከአንሶላው ጀርባ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይቺ ለባለቤትሽ ናት። እሳቸው ራሳቸው መጥተው፣ እዚሁ ከተማ አድረው፣ ጠዋት… ዘራቸውን በዚህች አድርገው ሲያመጡ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ገባሽ እህቴ? መሬቱ ብቻ አይደለም የሚታየው። ዘሩም ይታያል።»

ገባኝ። ደብረ ማርቆስ የተማርሁት ትምህርት ያኔ ነው አንድ ቀን የጠቀመኝ። ጠርሙሷን ይዤ ወጣሁ።

እሜቴ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ይጠብቁኝ ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ።

«ምን አለች?»

«ጤነኛ ነሽ አለች።»

«ተመስገን! መድኃኒትስ?» ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። ጠርሙሷን ወሰዱና ወደ ፀሐይ አድርገው አዩአት። «ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። በየትኛው ቃል እንደምነግራቸው ግን አላውቅም ነበር። የልጃቸውን ነገር፣ ያንን ቃል፣ ለእናቱ፣ በአደባባይ፣ እኔ። እሳቸው ግን መልሱን አግኝተውታል፤ ፊታቸው በራ።

«እኮ! አስተዋይ ሴት ናት። የእኔ መድኃኒት እዚህ ድረስ ነው፣ የቀረውን ከማርያም ሙሉት ማለቷ ነው። ፈረንጅም ሲያውቅ ያውቃል።»

አፌን ዘጋሁ። ጠርሙሷን መሐረባቸው ውስጥ ጠቅልለው ከደረታቸው ሸጎጧት።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩን አስቁመው ጠበል ወረዱ። ሲመለሱ ጠርሙሷ ሞልታለች፤ ቡሹን በጧፍ ሰም ደፍነውታል። እስከ ቢቸና ድረስ ከጆንያው ላይ ሆነው፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እንዳትፈስ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዟት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡን። መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ቀጥለው ለአስራደ።

«አንተም ጠጣ፤ ባልና ሚስት አንድ አካል ነው።»

አስራደ ጠርሙሷን ተቀብሎ፣ በስመ አብ ብሎ፣ ጠጣ። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ አየሁት። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አላሳቀኝም፤ አላስለቀሰኝምም።

ከሰዓት በኋላ እሜቴ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እሱ የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። ከፊቱ ተቀመጥሁ።

«ጠርሙሷ ያንተ ነበረች» አልሁት። ከዚያ ድሬሰሩ እንደ ነገረኝ አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ነገርሁት። ሐኪሟ ገና ሳይደርስ እንደምትሄድም ነገርሁት።

ቀይ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ለእናቴ ነግረሻታል?»

«አልነገርኋቸውም።»

«ጥሩ» አለና ማረሙን ቀጠለ።

ወደ ሞጣ አልሄደም። ገና መጣ፤ ሐኪሟም ሄደች። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎች ለፍቺ ተቀመጡ፤ አባቴ ከሞጣ መጣ፤ ጠብ አልነበረም። ሳጥኔ በቅሎ ላይ ሲጫን አስራደ ትምህርት ቤት ነበር። እሜቴ ግን እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። ከመቀነታቸው ውስጥ ያቺኑ ጠርሙስ አወጡ። እንደገና ሞልተዋታል፤ ሰሙም አዲስ ነው።

«ለሚቀጥለው ቤትሽ ይሁንሽ» አሉኝ። «አንቺስ ክፉ ሰው አልነበርሽም።»

እግራቸውን ልስም ስል ከፍ አድርገው ጉንጬን ሳሙኝ።

ሞጣ ላይ ልብስ ሰፊ አገባሁ። ጠበሉን ጠጥቼ ጨረስሁት። የመጀመሪያ ልጄ ሲጸነስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብዙ ወር ጠፋሁ፤ የጠፋሁትን ያየልኝ ግን አልነበረም። ጠርሙሷ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ አስቀምጥ ነበር።

እሜቴን አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ለዘመድ ቀብር ሞጣ መጥተው ኖሮ ገበያ ላይ በርበሬ ስገዛ ፊት ለፊት ተያየን። አርጅተዋል። ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ አዩ።

«ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው እሜቴ። ሁለተኛዬ ነው።»

ከአንቀልባው የወጣውን እግሩን ያዙና ተረከዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ያኔ የእኔን እንደ ዳበሱት ቀስ ብለው።

«ጠበሉ ደረሰልሽ።»

«ደረሰልኝ።»

«ለየጁቤዋ ሚስቱም ከዚያው ጠበል ነው የሞላሁላት» አሉ። «እሷም ሄደች። ከሌላ ወልዳለች ይላሉ።»

የልጄን እግር አልለቀቁትም። ሰው በአጠገባችን እየተጋፋ ያልፋል፤ አንድ አህያ በርበሬውን ሊበትነው ነበር፤ ባለቤቱ ተሳድቦ መለሰው።

«ያቺ ሐኪም» አሉ እሜቴ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ጠርሙሷን ስትሰጥሽ ምን ብላሽ ነበር?»

«ቆየ እሜቴ፤ ረሳሁት።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔም ያን ቀን አልጠየቅሁሽም» አሉ። እግሩን ወደ አንቀልባው መልሰው ሸፈኑለትና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ስለዚያ ሁሉ ምን ይሰማሽ ነበር ብትሉኝ፣ የማስታውሰው ወይራውን፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳና የሞቀውን ውሃ ነው። በሐዘን ፈንታ የቀሩኝ እነዚህ ናቸው።

ሰብለና ዮናስ ተሳፍረው መኪናው ሲነሣ ሰማሁ። ምስሩን አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ። ቁልፉ የለም፤ ሙዙ የለም። ዕቃዋ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበረች። መኪናው ከበሩ ሳይወጣ ቆመ፤ ዮናስም እየሮጠ ተመለሰ።

«እማማ፣ ዋናውን ነገር ረስቼው!»

አንሥቼ ይዣት ነበር። ቀላል ናት፤ ምንም የያዘች አትመስልም። ክዳኗ መጥበቁን አይቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። እሱም እንደ ወጉ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።